የማጫወቻው ክዳን

ጥቅምት 3

ለውድ አጎቴ፣

ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱልኝ? ጉልበትዎ እንዴት ነው? ጆሮዎስ? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። ከአገር ከወጣሁ ይኸው ስምንተኛ ወሬን ያዝኩ፤ የጎደለኝ ነገር ቢኖር የእናንተው ዓይን ነው።

በስልክ ያልነገርኩዎ ለምን መሰለዎ፣ እርስዎ ስልኩን ጮክ አድርገው ስለሚያዳምጡ አንድ ነገር ብልዎ ሰፈሩ ሁሉ ይመልስልኛል። ባለፈው ጉንፋን ይዞኛል ስል ከኋላዎ ሆና መድኃኒት ያዘዘችልኝ ሴት ማን እንደሆነች እስካሁን አላወቅኩም። ስለዚህ ደብዳቤ ይሻላል ብዬ በሱቅዎ አድራሻ ጻፍኩ።

የምሠራላቸው ባልቴት ደረጃ ላይ ወድቀው ዳሌያቸው ስለተሰበረ ሆስፒታል ተኝተዋል። ቤቱን የምጠብቀው እኔ ብቻ ነኝ። አበባ አጠጣለሁ፣ መስኮት እከፍታለሁ፣ በሳምንት ሁለት ቀን እየሄድኩ እጠይቃቸዋለሁ። የሚመለሱት ከአሥራ ሁለት ሳምንት በኋላ ነው ተብሏል።

አሁን አንድ ነገር ልጠይቅዎ። አንዲት ጓደኛዬ የምሳ ዕቃ አላት። ክዳኑ ወዲያ ማዶ የሚያሳይ ጥርት ያለ ፕላስቲክ ነበር፤ ሲያንኳኩት እንደ ብርጭቆ ይጮኻል። ምን እንዳገኘው እንጃ፣ አሁን ጉም የለበሰ መስሎ ነጥቷል። እርስዎ አርባ ዓመት ሙሉ የሰው ሬዲዮ፣ የመኪና መብራት፣ የግድግዳ ሰዓት እየወለወሉ ሲያበሩ ኖረዋልና መላው አይጠፋዎትም። ይህ ነገር ወደ ድሮው ይመለሳል? ምን ይፈልጋል? ስንት ቀን ይወስዳል? ጓደኛዬ በጣም ተጨንቃለች። ስትጨነቅ ደግሞ እኔም እጨነቃለሁ።

እባክዎ ቶሎ ይጻፉልኝ። ለእናቴ አይንገሯት፤ ስለ ጓደኛዬ ምን አገባት።

የእህትዎ ልጅ


ጥቅምት 19

ለእህቴ ልጅ፣ ለንቢት፣

ከመሬት የምታነሽው ሁሉ በእጅሽ ይክበር፤ የምታንኳኪው በር ሁሉ ከውስጥ ይከፈትልሽ። ጉልበቴ እንዳለ አለ፤ ጆሮዬ የሚሰማው የሚፈልገውን ብቻ ነው። መድኃኒት ያዘዘችልሽ ሴት ሻሽ ሻጯ ናት፤ ተሻለሽ ወይ እያለች እየጠየቀችኝ ነው።

ደብዳቤሽ ሱቅ ድረስ መጣልኝ። ሥራ በዝቶብኝ፣ ደንበኛው በር ላይ ቆሞ፣ በአንድ እጄ እየወለወልኩ በሌላው አነበብኩት።

እንግዲህ ንቢት፣ ከልጅነትሽ ጀምሮ ተቀምጠሽ ስለማታውቂ ያወጣሁልሽን ስም እያሰብኩ ልንገርሽ። የምሳ ዕቃ ክዳን ለስላሳ ነው፤ ሲጫኑት ይጎብጣል፣ ሲያንኳኩት ድብ ይላል። እንደ ብርጭቆ የሚጮህ የምሳ ዕቃ ክዳን እኔ በአርባ ዓመት አላየሁም። ደግሞስ ለሰው ምሳ ዕቃ ብሎ በሁለት ወረቀት ጀርባና ፊት የሚጽፍ ማን አለ? ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይባላል።

ስለዚህ ይህን መልሽልኝ። አንደኛ፣ ዕቃው ምንድነው? በስሙ ጥሪው። ፕላስቲክ እንደ ሰው ነው፤ ዘሩን ሳያውቁ አይመክሩትም። ከዚያ ጥፍርሽን በጭረቱ ላይ አስኪጂው። ጥፍርሽን ከያዘው ጥልቅ ነው፤ ካልያዘው የላይ ነው። ጭረቶቹ ቀጥ ቀጥ ያሉ ናቸው ወይስ ክብ ክብ? ቀጥ ያለ ጭረት ጊዜ ያመጣው ነው። ክብ ጭረት ግን እጅ ያመጣው ነው፤ ያ እጅ የማን እንደሆነ ደግሞ የምገምት ይመስለኛል።

እስከዚያው ምንም አትንኪው። በተለይ አልኮልና የመስታወት ማጽጃ እንዳታስጠጊው፤ እንደ ሸረሪት ድር ይሰነጣጥቀዋል። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች እንዳይሆንብሽ።

አጎትሽ


ኅዳር 2

ለውድ አጎቴ፣

ጤናዎን ያብዛልኝ። ሻሽ ሻጯን ተሽሏታል ይበሏት።

ጋሼ፣ ጭረቶቹ ክብ ክብ ናቸው።

ጓደኛ የለኝም። ማለቴ ጓደኛ አለኝ፣ ግን የምሳ ዕቃዋ ደህና ነው። የደበዘዘው የባልቴቷ ሸክላ ማጫወቻ ክዳን ነው፤ ያደበዘዝኩት እኔ ነኝ። እርስዎን ማታለል እንደማልችል እያወቅኩ ለምን እንደዋሸሁ አላውቅም። አፍሬ ነው።

እንዲህ ነው የሆነው። ሲመለሱ ቤቱ አብርቶ ይቆያቸው ብዬ ከማእድ ቤት ጀምሬ ክፍል በክፍል አጸዳሁ። እናቴን ያውቋታል። ድስት ፊትን ካላሳየ አልታጠበም የምትል ናት። እኔም ከሰባት ዓመቴ ጀምሮ አመድና ሽቦ ይዤ የድስት ቂጥ ስፈትግ ነው ያደግኩት፤ በሠፈሩ እንደኛ ቤት የሚያበራ ድስት አልነበረም። የማጫወቻው ክዳን ላይ የቆየ አቧራና የጣት አሻራ አየሁ። እጄ በራሱ ወደ ሽቦው ሄደ። ጋሼ፣ ደስ ብሎኝ እኮ ነው የፈተግኩት! እየዘፈንኩ! አረፋውን በውሃ ሳጥበው ነጭ ሆኖ ቀረ። አረፋው አልለቀቀም ብዬ ደግሜ ፈተግኩት።

ማጫወቻው የሟች ባለቤታቸው ነው። ምሽት ምሽት እሱ አጠገብ ይቀመጣሉ። ከእኔ በፊት የነበረችው ሠራተኛ ኩባያ ስለሰበረች በዚያው ሳምንት ተሰናብታለች፤ ይህን የነገረኝ ልጃቸው ነው፣ በገባሁ በመጀመሪያው ቀን። የእኔ ሥራ፣ የምተኛባት ክፍልና እዚህ የመኖሪያ ወረቀቴ በአንድ ክር የተንጠለጠሉ ናቸው። አንዱ ሲበጠስ ሦስቱም ይወድቃሉ። የመጣሁትም ሳላስበው አይደለም፤ ስንት ዓመት እንደፈለግኩት ያውቃሉ።

ጥፍሬ አይያዝም፣ ከአንድ ቦታ በስተቀር። በቀኝ በኩል ጥግ ላይ የጨረቃ ቅርጽ ያላት ጠለቅ ያለች ጭረት አለች። እሷ ግን የኔ አይደለችም፤ ከጥንትም ነበረች።

ይቆጡኝ፣ ግን መላውን ይንገሩኝ።

የእህትዎ ልጅ


ኅዳር 15

ለንቢት፣

ልብሽን ያርጋልኝ። አልቆጣሽም። ብቆጣ እናትሽን ነው የምቆጣው፤ እሷ ያን ሽቦ ይዛ አንድ ቀን የአባታችንን የመነጽር መስታወት ስታበራ ይዘናታል። የቤተሰባችን እጅ ነው። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም፤ የደበዘዘ ፕላስቲክ ግን ይበራል፣ አይዞሽ።

ክዳኑ ጠንካራው ዓይነት ነው፤ ጥሩ ዘር ነው፣ ይታዘዛል። አሁን የምልሽን ደጋግመሽ አንብቢ።

ብርጭቆ ወረቀት ግዢ፤ ለብረት የሚሆነውን፣ በውሃ የሚሠራውን ጥቁሩን። ቁጥሩ ከጀርባው ተጽፏል፤ ቁጥር ሲጨምር ይልማል። ስምንት መቶ፣ ሺህ፣ ሺህ አምስት መቶ፣ ሁለት ሺህ። ክዳኑን ከማጠፊያው አውልቀሽ ለብ ባለ ውሃና በሳሙና እጠቢው። በወርቃማ ፊደል የተጻፈ ነገር ካለበት በፕላስተር ሸፍኚው፤ አለዚያ ስሙን ትበይዋለሽ። ከዚያ በስምንት መቶው ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ሂጂ። አትዙሪ! ክብ የድስት ነው። ወረቀቱም ክዳኑም ሁልጊዜ እርጥብ ይሁኑ። አትጫኚ፤ የእጅሽ ክብደት ይበቃል። የመጀመሪያው ሲያልቅ ክዳኑን ታጥቢና በሺው ደግሞ በመስቀለኛው ትሄጃለሽ፤ የፊተኛው መስመር በሙሉ ሲጠፋ ብቻ ወደሚቀጥለው ታልፊያለሽ። አንዱን ዘለሽ ብታልፊ መጨረሻ ላይ ይወጣና ይስቅብሻል። ከሁለት ሺው በኋላ ለመኪና ቀለም የሚሆን መወልወያ ቅባት በለስላሳ ጨርቅ። እሱ ከጠፋ ነጩ የጥርስ ሳሙና ይሆናል፤ ጊዜ ግን ይፈልጋል። መጀመሪያ ሌላ የተጣለ ጠንካራ ፕላስቲክ ፈልገሽ እጅሽን ፍቺበት።

ያቺን የጨረቃ ጭረት በተመለከተ፣ እሷንም አውጫት። ከሌላው ቦታ ቀድመሽ በስድስት መቶ ጀምረሽ ዙሪያዋን አስፍተሽ ዝቅ አድርጊ፤ በአንድ ቦታ ብቻ ከፈተግሽ ጎድጓድ ይሆናል። ባለሙያ ዕቃን እንደነበረ አይመልስም፤ ከነበረው አሻሽሎ ነው የሚመልሰው። ክዳኑ ከፋብሪካ የወጣ እስኪመስል ድረስ እንዳትተዪው። የኔ የእህት ልጅ የነካችው ይባል።

እኔ ደህና ነኝ። ሱቁ እንደወትሮው ነው። ባይሆን ከሁለት ሺው ቁጥር ሁለት ሦስት ቅጠል በፖስታ ውስጥ አጥፈሽ ብትልኪልኝ ደስ ይለኛል፤ እዚህ ጠፍቷል።

አጎትሽ


ታኅሣሥ 1

ጋሼ፣

ሰላምታውን ይለፉኝ፣ ቸኩያለሁ። ሐኪሞቹ ጥሩ ድነዋል ብለዋቸው ባልቴቷ ከተባለው ቀን ሁለት ሳምንት ቀድመው ሊወጡ ነው። የሚመጡት ታኅሣሥ 14 ነው። የእርስዎ መልስ ከዚያ በፊት አይደርሰኝም፤ ግን ካልጻፍኩልዎ የምናገረው ሰው የለኝም።

እንዳሉኝ አደረግኩ። ከመንገድ ዳር የተጣለ የሰዓት ሽፋን አግኝቼ ተለማመድኩበት፣ አምሮልኛል። ከዚያ ክዳኑን ጀመርኩ። ስድስት መቶውን በጥጉ፣ ስምንት መቶውን በሙሉው። አሁን ጋሼ፣ ከበፊቱ ብሷል! በፊት ጉም ነበር፤ አሁን ወተት ነው። ከማዶ ምንም አይታይም። በመታጠቢያ ቤቱ ወለል ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ልተወው? የሆነውን ልንገራቸው? ወይስ ልቀጥል?

ሦስት ቅጠል ሁለት ሺህ በሌላ ፖስታ ልኬያለሁ። ግን አንድ ነገር ገርሞኛል፤ የእርስዎ ሱቅ ብርጭቆ ወረቀት የሚያጣው ከመቼ ጀምሮ ነው?

ንቢት


ታኅሣሥ 13

ለንቢት፣

ብርታቱን ይስጥሽ። ደብዳቤዬ ዘግይቶ እንደሚደርስ አውቃለሁ፤ ዝም ማለት ግን አልቻልኩም።

ወተት መሆኑ ጥፋት አይደለም፤ መንገዱ በዚያ ነው የሚያልፈው። እኔም የመጀመሪያ ዓመቴ የአንድ ሹፌር የፊት መብራት እንዲህ ሲነጣብኝ ጥዬ ልጠፋ በሩ ላይ ደርሻለሁ። መምህሬ ኮሌታዬን ይዞ መለሰኝ። በእኛ ሥራ የሚያሳዝነው የሚጀምር ሰው አይደለም፤ መሀል ላይ የሚያቆም ነው። ቀጥዪ! ሺው ሲያልፍ ጥላ ታያለሽ፤ ሺህ አምስት መቶው ላይ ጣትሽን ከማዶ ታያለሽ፤ የቀረውን መወልወያው ይጨርሰዋል።

ልንገራቸው ወይ ላልሽው ግን መላ የለኝም። በዚህ ነገር ለሰው ምክር ለመስጠት የምበቃ አይደለሁም።

ወረቀቱ ገና አልደረሰኝም።

አጎትሽ


ጥር 20

ለእህቴ ልጅ፣

ከታኅሣሥ ወዲህ ድምፅሽ ጠፋ። ደብዳቤ የለም። በስልክ ስደውል ደህና ነኝ ትያለሽ፣ የሰፈሩ ሰው በሙሉ ደህና ናት ብሎ ያረጋግጥልኛል፣ እኔ ግን አላምንም። ደህና የሆነ ሰው እንዲያ ቁጥብ ብሎ አያወራም።

ክዳኑ እንዴት ሆነ? አስወጡሽ? ካስወጡሽ ንገሪኝ፤ ዘመድ ለዚህ ቀን ካልሆነ ለመቼ ነው? እኔ ነኝ ያስጀመርኩሽ፤ ከተበላሸም ጥፋቱ የኔ ነው። በቀደም ሌሊት የሰው ቁመት የሚያህል ክዳን እየወለወልኩ አደርኩ፣ በሕልሜ።

ሁለት መስመር ጻፊልኝ። ሁለት መስመር ብቻ።

አጎትሽ


የካቲት 6

ለውድ አጎቴ፣

ጋሼ፣ ይቅርታዎን እለምናለሁ። እንዲህ ላሳስብዎ አልነበረም። ያልጻፍኩት መጨረሻውን ሳላውቅ ምን ብዬ ልጻፍ ብዬ ነው። አሁን መጨረሻው ታውቋልና ከመጀመሪያው ልንገርዎ።

ያቺን ደብዳቤ ፖስታ ቤት ጥያት እንደተመለስኩ መልስዎን ሳልጠብቅ ቀጠልኩ። ሌላ ምን አማራጭ ነበረኝ? ሺው ላይ ጥላ አየሁ። ሺህ አምስት መቶው ላይ ጣቴን አየሁ። ደብዳቤዎ በኋላ ሲደርሰኝ የሆነውን በሙሉ ቀድመው ጽፈውት አገኘሁ፤ ስቄ ሞትኩ። ታኅሣሥ 13 ከሰዓት መወልወያውን ጨርሼ ክዳኑን በመስኮቱ ፊት ለፊት ስይዘው በውስጡ አልፌ የማዶው ፎቅ ላይ ልብስ የምታሰጣ ሴት አየሁ፤ የቀሚሷን ቁልፎች መቁጠር እችል ነበር። ጨረቃዋ ጭረት የት እንደነበረች ራሴም ጠፋችኝ። ጋሼ፣ እንዲያ ያለ ኩራት ተሰምቶኝ አያውቅም። ክዳኑን መልሼ ገጠምኩትና ዞር እያልኩ አየሁት፣ ተመልሼም አየሁት።

በማግስቱ ባልቴቷ በምርኩዝ ገቡ። ቤቱን ዞር ዞር ብለው አዩ፣ አመሰገኑኝ። ምሽት ላይ ከማጫወቻው አጠገብ ተቀመጡ፤ ሸክላ አስቀመጡ፤ ክዳኑን ዘጉ። ከዚያ ቀኝ እጃቸውን ወደ ጥጉ ሰደዱና በጣታቸው ጫፍ መፈለግ ጀመሩ። ፈለጉ፣ ፈለጉ። ሸክላው አንድ ዘፈን ጨርሶ ወደ ሁለተኛው አለፈ።

«ይህ የኔ ክዳን አይደለም» አሉ ቀስ ብለው። «የኔውን ምን አደረግሽው?»

ተረዱኝ ጋሼ? ሽጬዋለሁ ብለው ነው ያሰቡት። የድሮውን ሽጬ በርካሽ ሌላ የቀየርኩ መስሏቸዋል። እኔ ስፈራ የኖርኩት ዕቃ አበላሸች እንዳይሉኝ ነበር። ሌባ መባል በሐሳቤም አልመጣም።

መካድ እችል ነበር። ያው ነው፣ አልተነካም ብዬ ብገግም ምን ማስረጃ አላቸው? ግን አልካድኩም። ወደ ክፍሌ ሮጥኩና የእርስዎን ደብዳቤዎች አመጣሁ። የሰዓቱን ሽፋንም፣ ያለቁትን ብርጭቆ ወረቀቶችም ሁሉንም ጉልበታቸው ላይ ዘረገፍኩት። ከዚያ ደብዳቤዎቹን እየተረጎምኩ አነበብኩላቸው። ስለ አያቴ መነጽር ስደርስ የከንፈራቸው ጥግ ተንቀሳቀሰ መሰለኝ። «አውጫት» ያሉኝን ሳነብ ግን ፊታቸው ተመልሶ ጠቆረ። ምርኩዛቸውን ይዘው ሄደው ተኙ።

ሁለት ቀን ሸክላ አላስቀመጡም። ልጃቸው መጥቶ በር ዘግተው አወሩ። እኔ ሻንጣዬን ከአልጋ ስር አውጥቼ ልብሴን አጣጥፌ ጨርሼ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ጠሩኝና አጠገባቸው አስቀመጡኝ። «ያቺን ጭረት የሠራት ባለቤቴ ነው» አሉኝ። «ማጫወቻው በገባ በመጀመሪያው ቀን፣ መደርደሪያ ልስቀል ብሎ መዶሻ ጣለበት። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሸክላ ባስቀመጥን ቁጥር እሷን በጣቴ እያሳየሁ እቆጣው ነበር። እሱም ሠላሳ ዓመት ሙሉ ይቅርታ ይለኝ ነበር። ከሞተም በኋላ አልተውኩትም፤ እየዳሰስኩ እቆጣዋለሁ። አሁን ምን ይዤ ልቆጣው?»

ምን ልበላቸው ጋሼ? «መልሼ ልጫረው?» አልኳቸው።

አዩኝ፣ አዩኝ፣ ከዚያ ሳቁ። ዳሌያቸውን ይዘው እስኪያነቡ ሳቁ። «ያንቺ ጭረት የሱ አይሆንም» አሉኝ። ቆይተው እንባቸውን እየጠረጉ፣ «ያቺ ሠራተኛ የሄደችው ኩባያ ስለሰበረች መስሎሻል? ኩባያ ምን ቁም ነገር አለው! ዓይኔን እያየች ድመቷ ናት ስላለችኝ ነው፤ ድመት ኖሮኝም አያውቅ» አሉኝ። ሻንጣውን ወደ ቦታው መልሺ አሉኝ። የመኖሪያ ወረቀቴንም ልጃቸው ለዓመት አሳድሶልኛል፤ ይህ ጉዳይ እስኪያልቅ ድረስ ነው ያልጻፍኩልዎ።

አሁን ሸክላ በተቀመጠ ቁጥር ባዶውን ጥግ እያሳዩ የሚቆጡት እኔን ነው። «ባለ ሽቦዋ!» ይሉኛል። እኔም ይቅርታ እላለሁ። ጋሼ፣ ሰው በገዛ ቤቱ ብቻ ነው እንደዚህ የሚቆጡት።

ባልቴቷ ሰላም ብለውዎታል። «አጎትሽ እጁ ወርቅ ነው፣ ምላሱ ግን ይቸኩላል፤ ሳይጠይቅ አውጫት ይላል» ብለዋል። እንዳሉት ነው የጻፍኩት፤ እንዳይቀየሙኝ።

ደግሞ አንድ ነገር ጠይቀውኛል፣ እርስዎ ይመልሱላቸው። ሱቅ ያለው ሰው በአራት ደብዳቤ አንድ ደንበኛ በስም የማያነሳው ለምንድነው አሉኝ።

ንቢት


የካቲት 24

ለእህቴ ልጅ፣ ለንቢት፣

ሳቅሽ አይጉደል፤ የሚቆጣሽ ሰው አይጥፋ። ደብዳቤሽን ቆሜ ጀምሬ ተቀምጬ ጨረስኩት። ለባልቴቷ እንዲህ በያቸው፤ ቁጣዎ ደርሶኛል፣ ልክ ነዎት፣ ይቅር ይበሉኝ። እኔ ዕቃውን አሰብኩ እንጂ ባለ ዕቃዋን አላሰብኩም። አርባ ዓመት ሙሉ ስንት ሰው በራፌ ላይ የሚያበራ ሬዲዮ ተቀብሎ ፊቱ እንደጠቆረ ሲሄድ አይቻለሁ። ቅናት ነው፣ ንፉግነት ነው እያልኩ አማቸው ነበር። ስንቱን ሰው ምን እንደነጠቅኩት አሁን ማን ያውቃል?

ላቀረቡት ጥያቄ መልሱ ይህ ነው። ሱቅ የለኝም ንቢት። ከዘጋሁት ሁለት ዓመት ሆነኝ፤ አንቺ ከመሄድሽ በፊት ነው፣ ላንቺም ለእናትሽም አልተናገርኩም። ሰዉ የደበዘዘበትን እየጣለ አዲስ መያዝ ጀመረ። መጀመሪያ በቀን አንድ ሰው ይመጣ ነበር፣ ከዚያ በሳምንት አንድ፣ ከዚያ እኔ ብቻ ቀረሁ። አሁን እዚያ ጫማ ይሸጥበታል። ደብዳቤሽን የሚያስቀምጥልኝ ጫማ ሻጩ ነው፤ በየሳምንቱ ቅዳሜ ሄጄ እጠይቀዋለሁ፣ ሲኖር ከሩቅ እጁን ያውለበልብልኛል። በር ላይ የቆመ ደንበኛ ያልኩሽ ጫማ የሚለካ ሰው ነው። ዕቃዎቼን በጆንያ ጠቅልዬ አልጋ ስር ከትቻቸው ነበር። ለአንቺ ልጽፍ ስል አውጥቼ ባየው ከብርጭቆ ወረቀቱ ሁለት ሺውን ከአንድ ቁራጭ በቀር እርጥበት በልቶታል፤ ለዚያ ነው ላኪልኝ ያልኩሽ። ለአንቺ የጻፍኩትን እያንዳንዱን ነገር መጀመሪያ እኔ በአሮጌ የማበጠሪያ ፕላስቲክ ሳጥን ላይ ሞክሬዋለሁ፤ እጄ ይረሳው ይሆን ብዬ ፈርቼ። አልረሳም።

አንቺ በሰው አገር፣ ሥራሽ በክር ተንጠልጥሎ እውነቱን ዘረገፍሽ። እኔ በሰፈሬ ተቀምጬ ምን ፈርቼ ነው ሁለት ዓመት የዋሸሁት? ይህን ሳነብ አፈርኩ፤ ቀጥሎ ቀለለኝ። ለእናትሽ ትናንት ደወልኩላት። ሰፈሩ በሙሉ ሰማ። እናትሽ አለቀሰች፣ ሻሽ ሻጯ አጽናናቻት፤ ከዚያ ሁለቱ ድስት ስለ ማጠብ ሲያወሩ ስልኩን ለሷ ትቼላት ወጣሁ።

ዛሬ ጠዋት ጠረጴዛዬን በረንዳ ላይ አወጣሁ። የላክሽልኝን ወረቀት ቆራርጬ በውሃ ነከርኩ። ምልክት አልሰቀልኩም። እስከ ረፋዱ ማንም አልመጣም፤ እኔም እንደ ጀማሪ ጨርቄን ሦስት ጊዜ አጠፍኩት። ከዚያ ጡረተኛው የሒሳብ አስተማሪ አንድ ቢጫ የሆነ ሬዲዮ ታቅፈው አለፉ። ሊጥሉት እየሄዱ ነበር። አየት አድርገውኝ ቆሙና፣ «ይህ ነገር ይበራል ወይ?» አሉኝ።

ሬዲዮውን ተቀብዬ በብርሃን አገላበጥኩት። ፊቱ በሙሉ ተጫጭሯል። የድሮው እኔ ብሆን ነገ ይምጡ ብዬ እሸኛቸው ነበር።

«ይበራል» አልኳቸው። «ግን መጀመሪያ ይንገሩኝ፣ ከእነዚህ ውስጥ እንዳልነካው የሚፈልጉት የትኛውን ነው?»

እንዲህ ያለ ጥያቄ ማንም ጠይቋቸው እንደማያውቅ ከፊታቸው አየሁ። ሊስቁ ጀመሩና ተዉት። መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጎንበስ አሉ፣ ጭረቶቹን አንድ በአንድ አዩ። ከዚያ ከማዞሪያው በታች ያለች አንዲት አጭር መስመር በጣታቸው ነኩና፣ «ይህቺን» አሉኝ። የማን እንደሆነች አልነገሩኝም፤ እኔም አልጠየቅኳቸውም። ፕላስተር ቆርጬ ሸፈንኳትና ሥራዬን ጀመርኩ።

አጎትሽ